ልጁ ምን አነሳ? «ፒክ አፕ» ስለሚባል አንድ ቃል

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወላጆችና አዲስ ለመጡ ወገኖች የተደረገ ንግግር። ከተቀዳው ድምፅ የተገለበጠ ነው።

እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። የሌሊት ፈረቃ አድራችሁ እንቅልፋችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ዓይናችሁ ይናገራል። ልጆቹን ከወዲያኛው ክፍል የሚጠብቁልንን ወጣቶች፣ እዚያ ጥግ ቡና የሚያፈሉልንን እህቶች ከሁሉ በፊት ላመስግን። ተባረኩ።

ብዙዎቻችሁ «ቲቸር» እያላችሁ ነው የምትጠሩኝ። እውነት ነው፣ ጅማ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና መጣሁ። ዛሬ ግን ሰዋስው ላስተምራችሁ አልቆምኩም። ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። አንድ ቃል ብቻ። «ፒክ አፕ»።

«ፒክ አፕ» ምን ማለት ነው? ማን ይነግረኛል?

እሺ አባቴ፣ እርስዎ ይበሉ። «መኪና!» ልክ ነዎት። ከኋላዋ ክፍት የሆነች፣ ጤፍም በግም ሰውም የምትጭን መኪና። ሁላችንም አገር ቤት ሳለን የምናውቃት እሷን ነው። ፎርድ በ1925 ሞዴል ቲ መኪናውን ከኋላዋ የጭነት ሳጥን ገጥሞ ለገበያ ሲያወጣት ስሟ ላይ «ፒክ አፕ» የሚለው ቃል ነበረበት። ቃሉ እኛ ዘንድ በመኪና ተጭኖ ገባ ማለት ይቻላል። እሺ፣ ሌላስ? «ሰው መጫን፣ መውሰድ።» ይሄ የታክሲ ሹፌር መልስ ነው! እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ደላስ አየር ማረፊያ ተሰልፎ የሚውል ሰው ይሄን አያጣውም። ሌላ? «ስልክ ማንሳት።» ጎበዝ። ሌላ? ... ዝም አላችሁ።

እኔም ዝም ብዬ ነበር። የዛሬ ንግግሬ ከዚያ ዝምታ ነው የሚጀምረው።

የመጣሁ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ልጄ አራት ዓመቱ። እኔ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አንሶላ ከማሽን አውጥተን፣ አጥፈን፣ እንደረድራለን። እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። የልጄ መዋያ ነው። የማሽኑ ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። አንድ ጆሮዬን በእጄ ያዝኩና አዳመጥኩ። ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ በትህትና ነው የተናገረችው። እንዲህ አለች፦ «ኢት ሉክስ ላይክ ሂ ፒክት አፕ ኤ በግ። ካን ዩ ካም ፒክ ሂም አፕ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰማላችሁ?

እኔ የሰማሁት «ባግ» ነው። ቦርሳ። ልጅሽ ቦርሳ አንስቷል፤ መጥተሽ ውሰጂው። እንደዚያ ነው የሰማሁት። «ልጅሽ ሰርቋል፣ ከዚህ አስወጪው» ማለት ሆነብኝ። ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። እኛ እንዴት እንዳደግን ታውቃላችሁ። የሰው ዕቃ መንካት የሚባል ነገር! እናቴ እርሳስ እንኳ ይዤ ከገባሁ «የማን ነው?» ሳትለኝ አታልፍም ነበር። በአውቶቡስ ሁለት ቦታ ቀይሬ እስክደርስ ድረስ ያሰብኩትን አልነግራችሁም።

ልጄ በሩ አጠገብ ትንሽዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱን አልብሰውታል። ዚፑ እስከ አገጩ ተዘግቷል። ክንዱን ያዝኩትና «የማንን ቦርሳ ነው ያነሳኸው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ምንም አላነሳሁም እማ» አለኝ። አላመንኩትም። የካፖርቱን ኪስ በረበርኩ። ደረቱ ላይ ያለውንም፣ ከውስጥ ያለውንም። ካልሲው ውስጥ ሳይቀር እጄን ከተትኩ። ያኔ አስተማሪዋ መጣች። ግራ ገብቷታል። ምንም አልተናገረችም፤ የእኔን እጅ ይዛ ግንባሩ ላይ አስቀመጠችው።

ግንባሩ እሳት ነው።

ለካ «በግ» ነው ያለችው። ጽፈን ስናየው የእኛን በግ ይመስላል፤ እነሱ ዘንድ ግን ትንንሽ ነፍሳት ማለት ነው። በንግግራቸው ደግሞ ጉንፋንም ሆነ የሆድ ሕመም የሚያመጣውን ጀርም «በግ» ይሉታል። «ፒክት አፕ ኤ በግ» ማለት በሽታ ይዞታል፣ ከሌሎቹ ልጆች ተጋብቶበታል ማለት ነው። የመጀመሪያው «ፒክ አፕ» ታመመ ነበር። ሁለተኛው «ፒክ አፕ» መጥተሽ ውሰጂው። አንድ ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትርጉም። እኔ ደግሞ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባሩን ሳልነካ ኪሱን በረበርኩ።

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያልተማርኩ ሰው አልነበርኩም። ሌላ እንግሊዝኛ ነበር የተማርኩት። እናንተም ውስጥ «እኔ ጭንቅላቴ ቋንቋ አይዝም» እያላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ አላችሁ። ልጆቻችሁ ፊት የምትሸማቀቁ አላችሁ። እኔ ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምላችሁ። አንዱ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይሄ ቃል ሆዱ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ይሄን ዓይነቱን ነገር እናንተ ከድሮም ታውቁታላችሁ የሚለው ነው። ሦስተኛውን እወደዋለሁ፤ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው። እንግሊዝኛ ሁለት ፎቅ ያለው ቤት ነው። በ1066፣ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከፈረንሳይ ምድር የመጡ ኖርማኖች እንግሊዝን ወግተው ያዙ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ትውልድ ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሆነ። በኋላም ሊቃውንቱ ከላቲን እየቀዱ ጨመሩበት። ገበሬው፣ እረኛው፣ ወጥ ሠሪዋ ግን የራሳቸውን ቋንቋ አልተዉም። በአጫጭር ቃላት እየቀጣጠሉ ያወሩ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ «ኮሌክት» (መሰብሰብ) አለ፣ «ሪዚዩም» (ካቆሙበት መቀጠል) አለ፣ «ኢምፕሩቭ» (መሻሻል) አለ፣ «አኳየር» (ማግኘት) አለ፣ «ዲቴክት» (ደርሶ ማወቅ) አለ። ምድር ቤት ስትወርዱ ለነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ይበቃል፤ «ፒክ አፕ»።

እኛ አገር ቤት የተማርነው የትኛውን ነው? የላይኛውን! መጽሐፉን ነው የተማርነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም የላይኛው ፎቅ ቋንቋ። «ኮሌክት ዘ ሳምፕል»፣ ናሙናውን ሰብስቢ፣ ብትሉኝ ያኔም ይገባኛል። «ፒክ ኢት አፕ» ስትሉኝ ነው ግራ የሚገባኝ። ስለዚህ ነው ከመካከላችን ዲግሪ ያለው ሰው የኢሚግሬሽን ደብዳቤ አንብቦ ሲረዳ፣ የጎረቤቱ ወሬ የሚጠፋበት። አማርኛም እኮ እንደዚሁ ነው። «ትንሣኤ» እንላለን በቤተ ክርስቲያን፤ ቤት ውስጥ «መነሳት» እንላለን። ሥሩ አንድ ነው። አንዱ ከግዕዝ እንደመጣ ቀረ፣ ሌላው ከእኛ ጋር ጓዳ ገባ። አማርኛን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ፈረንጅ መርካቶ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ደግሞ የሚከብዳችሁ እናንተን ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በ1755 ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ፣ መግቢያው ላይ ይሄን ጉዳይ አንስቶታል። በአንድ ቃል ላይ ትንሽ ቃል እየለጠፍን ትርጉሙን መቀየራችን ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው ብሎ ጽፏል። ከ250 ዓመት በላይ ሆነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው «ይሄ ይከብዳል» ብለው ከመሰከሩ፣ እኛ ለምን እናፍራለን? ለምን?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ቃሉ ሆዱ ውስጥ ምን አለ?

መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «ፒክ አፕ» ሥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥርባችኋል። ደብተር ላይ ገልብጣችሁ ልትሸመድዱት ትሞክራላችሁ። ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል። ጠፍቶባችሁ ያውቃል አይደል? እኔም በሽምደዳ አስተምሬያለሁ፤ ለተማሪዎቼ እንዲህ አድርጌ በማስተማሬ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ሽምደዳውን ተዉት። ሥዕል ያዙ።

ዶሮ አስቡ። ግቢ ውስጥ፣ ጥሬ ተበትኗል። ዶሮዋ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ በአፏ ጠቅ፣ ከዚያ አንገቷ ቀና። ጠቅ፣ ቀና። «ፒክ» ማለት ያቺ ጠቅ ማድረግ ናት። የጥንቱ ትርጉሙ በሹል ነገር መውጋት፣ በመንቁር መልቀም ነው። «አፕ» ማለት ቀና ማለቷ ነው። በእኛ አማርኛ «ፒክ» ማለት «ለቀመ» ነው። እኔ ያደግኩት ቡና አገር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ለቀማ ነው። ቀይ ቀዩን እሸት ከቅርንጫፉ፣ የረገፈውን ደግሞ ከመሬት። ጎንበስ፣ ለቀም፣ ቀና። ወገባችሁ ይቆረጣል። ያ ነው «ፒክ አፕ»። መሬት ላይ ያለ ነገር አለ፤ ዝቅ ትላላችሁ፤ ከእናንተ ጋር ወደ ላይ ይመጣል።

አሁን ይቺን ዶሮ ይዛችሁ በየቤቱ ዙሩ።

ልጁ በሽታ «ፒክ አፕ» አደረገ። ምን ሆነ? ከመዋያው ሳያውቀው ለቀመው። ልጃችሁ እዚህ መጥቶ በስድስት ወር እንግሊዝኛ «ፒክ አፕ» አደረገ። ማንም ተቀምጦ አላስተማረውም። እየተጫወተ፣ ከዚህም ከዚያም፣ በጆሮው ለቀመው። ሬዲዮ ድምፅ «ፒክ አፕ» ያደርጋል። ሞገዱን ከአየር ላይ ይለቅመዋል። ጊታር ላይ ከክሮቹ ሥር ያለችው ማግኔት ያለባት ዕቃ ስሟ «ፒክ አፕ» ነው፤ የብረቱን ክር ንዝረት ስለምትለቅም። መንገድ ላይ ፖሊስ ሰው «ፒክ አፕ» አደረገ ሲባልም እኛ ራሳችን «ለቅመው ወሰዷቸው» እንል የለ? አንዲት ባልደረባችሁ ሱቅ ገብቼ ዳቦ «ፒክ አፕ» ላድርግ ስትላችሁ፣ በመንገዴ ለቀም አድርጌ ልምጣ ማለቷ ነው። ልጆቻችሁን «ፒክ አፕ ዩር ሩም» ሲሏቸው ክፍሉን አንሱት አይደለም! መሬት ላይ የተዝረከረከውን ለቃቅሙ ነው። ሥራ ቦታችሁ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ «ፒክ አፕ አፍተር ዩርሰልፍ» የሚል ተለጥፎ ታያላችሁ። የበላችሁበትን፣ የጣላችሁትን ለቅማችሁ ሂዱ ነው። ሂሳቡን «ፒክ አፕ» ማድረግ ደግሞ አለ። እኛ «ሂሳቡን እኔ ዘጋሁት» እንላለን። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችውን ወረቀት ማን ቀድሞ አነሳት? እሷን ነው። የእኛ ሰው በዚች ወረቀት ምክንያት ስንት ጊዜ ተጓትቷል!

ያያችሁት ነገር አለ? ዶሮዋ አልተቀየረችም። የተቀየረው ጥሬው ነው። ስለዚህ «ፒክ አፕ» ስትሰሙ ቃሉ ላይ አትጨነቁ። ከአጠገቡ ያለውን ነው የምታዩት። ምንድነው የሚነሳው? ልጅ ነው? በሽታ ነው? ስልክ ነው? ቀን ነው?

ቀን ደግሞ ምን ማለት ነው ትሉኛላችሁ። ቀን ይነሳል! አንድ ወንድማችን፣ ዲሲ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። አለቃው መጣና «ካን ዩ ፒክ አፕ ሰንደይ?» አለው። እሁድን «ፒክ አፕ» ታደርጋለህ? ወንድማችን እሁድ ዕለት በመኪና ሄዶ ሰው እንዲያመጣ የተጠየቀ መሰለው። መኪና የለውም። «ኖ ካር» አለው። አለቃው «ኦኬ» ብሎ ሄደ። አለቃው ግን የጠየቀው የእሁዱን ፈረቃ ትይዛለህ ወይ ነው። ሥራው በወረቀት ተዘርግቶ ባዶ ቦታ አለ፤ ያቺን ባዶ ቦታ ለቀም አድርግልኝ ነው ያለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ትርፍ ሰዓት ሲኖር ሌላ ሰው ይጠየቃል እንጂ እሱ አይጠየቅም። እሱ ደግሞ የእናቱን መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ትርፍ ሰዓት ነው። ለሳምንታት «ምን አጠፋሁ?» ሲል ከረመ። ጥፋቱ አንዲት ቃል ናት። ሄዶ እንዲነግረው አብረን ዐረፍተ ነገሩን አዘጋጀን፤ ነገረው፤ አለቃው ሳቀና በማግስቱ ሁለት ፈረቃ ሰጠው።

አንድ ሌላ መልክም አለው። ማንም ሳያነሳው ራሱ የሚነሳ «ፒክ አፕ» አለ። «ቢዝነስ ዊል ፒክ አፕ» ይሏችኋል፤ ገበያው ሞቅ ይላል ማለት ነው። «ዘ ዊንድ ፒክት አፕ»፤ ንፋሱ ተነሳ። እዚህ ጋ ለቃሚ የለም። ወድቆ፣ ተኝቶ የነበረ ነገር ራሱ ቀና አለ። ከቃሉ በኋላ የሚነሳ ነገር ካልተጠራ ይሄን ጠርጥሩ። ጥር ላይ ሥራ ቀዝቅዞ አለቃችሁ «ኢት ዊል ፒክ አፕ» ካለ፣ አይዟችሁ ማለቱ ነው።

ወጣት ሴቶች ልጆቼ፣ ለእናንተ አንድ ቃል ብቻ ልጣል። «ሂ ፒክት ሚ አፕ አት ኤይት» ካልሽ በመኪና መጥቶ ወሰደኝ ነው፤ ችግር የለውም። «ሂ ትራይድ ቱ ፒክ ሚ አፕ» ካልሽ ግን ሊጠብሰኝ ሞከረ ማለት ነው። ይሄን ለሥራ ባልደረባ ስትነግሪ ልዩነቱን እወቂው። እዚህ ላይ ይብቃኝ፣ አባቶች አሉ።

ሦስተኛው። ይሄን ዓይነቱን ነገር እናንተ ከድሮም ታውቁታላችሁ ብያችሁ ነበር።

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «እማ፣ ፎቶ ለምንድነው የሚነሳው? ወድቆ ነው?» ሳቅኩኝ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። እውነትም ፎቶ ለምንድነው የሚነሳው?

እስቲ አብረን እንቁጠር። ፎቶ ይነሳል። ስልክ ይነሳል። እጅ ይነሳል። ጥያቄ ይነሳል። ጠብ ይነሳል። አቧራ ይነሳል። እገዳ ይነሳል። ማዕድ ይነሳል፤ ከበላን በኋላ ነው እንግዲህ። ሹም ከሥልጣኑ ይነሳል። የሰው ስም ይነሳል፤ «ስሜን አታንሺ» ትላለች የተቀየመች ጎረቤት። ክርስትና ይነሳል፤ ክርስትና አባቱ ሕፃኑን ከውሃው ይቀበላል። እናቶቼ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ጥሩ ጤፍ ውሃ ያነሳል። ሲቦካ ታዩታላችሁ፣ ጨምሩ ጨምሩ ይላል። ውሃ የማያነሳ ዱቄት አለ፤ ውሃ የማያነሳ ሰበብም አለ! አሥራ ምናምን ቆጠርን። ማን አስተማራችሁ? በየትኛው ደብተር ነው የጻፋችሁት? «አነሳ፣ ትርጉም አንድ፣ ትርጉም ሁለት» ብላችሁ ሸመደዳችሁ? በፍጹም። ከእናታችሁ ጓዳ ለቀማችሁት። ስልኩ ሲጮህ «አንሺው» ስትባሉ ስልኩን ተሸክማችሁ አልዞራችሁም።

ሌላም አለ። «ቁጭ አለ።» ማን አለ? ምን አለ? «አለ» ማለት መናገር አይደለም ወይ? «ብድግ አለ»፣ «ደስ አለው»፣ «ቅር አለው»፣ «ጸጥ አለ»፤ ጸጥ ያለ ሰው ምን ይላል? ፈረንጅ አማርኛ ሲማር እዚህ ጋ ነው ራሱን የሚይዘው። አንዲት ትንሽ ቃል ከአንድ ተራ ግስ ጋር ትጣመርና ሌላ ነገር ትሆናለች። «ብድግ አደረገው» በሉ እስቲ። «ፒክ አፕ» ማለት እኮ እሱ ነው! «ብድግ» እንደነሱ «አፕ» ናት። የእኛዋ ትቀድማለች፣ የእነሱ ትከተላለች። እናንተ በዚህ ዓይነት ቃል ተከባችሁ ነው ያደጋችሁት። አእምሯችሁ መንገዱን ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ላይ ስትደርሱ ብቻ ነው ራሳችሁን አናውቅም የምትሉት።

ጊዜዬ እያለቀ ነው፣ ሰዓት የያዘችው ልጅ እያሳየችኝ ነው። አንድ ሁለት የሥራ ነገር ልበልና ልጨርስ።

ስትናገሩ «እሱን» የምትለዋ ቃል መሐል ትገባለች። «ፒክ ሂም አፕ» ነው እንጂ «ፒክ አፕ ሂም» አይባልም። «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፒክ ዜም አፕ»። የሰውየው ስም ከሆነ ግን ከኋላም ይሆናል፣ ከመሐልም ይሆናል። የእኛም «አነሳሁት» ውስጥ «እሱን» እኮ ለብቻው አልቆመም፤ ግሱ ውስጥ ገብቶ ተሸሽጓል። እንደዚያ አስቡት። ድምፁም ይለያል። መኪናዋን ስትጠሩ «ፒክ» ላይ ትበረታላችሁ። አንሳው ስትሉ «አፕ» ላይ።

ደብተር ስትይዙ ቃሉን ለብቻው አትጻፉ። ከነጓደኛው ጻፉት። «ልጄን ከትምህርት ቤት ፒክ አፕ»፣ «መድኃኒት ከፋርማሲ ፒክ አፕ»፣ «ስልክ ፒክ አፕ»። የሰማችሁበትን ቀንና የተናገረውን ሰው ብትጨምሩበት ደግሞ አይጠፋባችሁም። የእኔ ደብተር ላይ የመጀመሪያው መስመር የልጄ ግንባር ነው።

መድኃኒት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይሄን ሳልናገር አልወርድም። እዚህ መካከላችን ያለች አንዲት እናት ናት፣ ማን እንደሆነች አልናገርም። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ፋርማሲው በማሽን ድምፅ ይደውልላታል፦ «ዩር ፕሪስክሪፕሽን ኢዝ ሬዲ ፎር ፒክ አፕ»። እሷ «ፒክ አፕ» የምታውቀው ስልክ ማንሳትን ነው። «አንስቻለሁ እኮ! ሄሎ! ሄሎ!» ትላለች። ማሽኑ አይመልስም። ይዘጋል። በነጋታው ይደውላል፤ እንደገና «ሄሎ፣ ሄሎ»። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ማንሳት ተወች። የሚያሾፍባት ሰው መሰላት። መድኃኒቱ ደግሞ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሰው ካልመጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል። መለሱትም። ያለ መድኃኒት ከረመች። ራሷን አዞራት ጀመር። ልጇ ከሌላ ስቴት ሊጠይቃት ሲመጣ ነው ነገሩ የታወቀው።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እለምናችኋለሁ። እንግሊዝኛ ፈርታችሁ ስልክ አትተዉ። ስንቶቻችሁ ናችሁ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል ስልኩን ገልብጣችሁ የምታስቀምጡት? አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዚያ የልጄ ቀን በኋላ ሙሉ ሳምንት ስልክ ሲጮህ ሆዴ ይላወስ ነበር። ግን ያነሳ ሰው ቢያንስ መጠየቅ ይችላል። ይቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ አብረን እንበላት፦ «ዋት ዱ ዩ ሚን?» ምን ማለትዎ ነው? እንደገና። «ዋት ዱ ዩ ሚን?» ጎሽ! ማሽን ከሆነ ዝጉትና ወደ ፋርማሲው ሂዱ። ሰው ከሆነ ጠይቁት። ያቺ አስተማሪ እኮ ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ደግ ሴት ነበረች። በሁለት ቃል ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ እያልኩ መጠየቅ አሳፈረኝ፤ «ኦኬ፣ ኦኬ» ብዬ ዘጋሁት።

ልጄ አሁን ረጅም ልጅ ሆኗል፤ እዚያ ኋላ ወንበር እየደረደረ ያለው እሱ ነው። ያን ቀን ያስታውስ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። ትኩሳቱን አያስታውስም። ካልሲው ውስጥ እጄን መክተቴን ግን ያስታውሳል።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። የሚቀጥለው ጊዜ ቃላችን «ቴክ ኦፍ» ነው፤ አውሮፕላንም ጃኬትም የእረፍት ቀንም ያለበት። የሰማችሁትን ከነጓደኛው ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። አሁን ቡናው እስኪቀዳ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።